ከአሮጌ ብረት ነጋዴ በገዛሁት ላሜራ የሠራሁትን የክንፍ ማያያዣ እንዴት ላረጋግጥ?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን እየሠራሁ ነው፤ ከነአብራሪው 300 ኪሎ ግራም እንዲመዝን አስቤያለሁ። ክንፉን ከአካሉ ጋር የሚያገናኙትን አራት ማያያዣዎች ከአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጬ፣ በሊማ አስተካክዬና በትራፓኖ በስቼ ጨርሻለሁ። በካሊብሮ ስለካቸው ከንድፉ ጋር ይገጥማሉ፤ ላሜራው ግን ከአሮጌ ብረት ነጋዴ የተገዛ ስለሆነ ዓይነቱን የሚገልጽ ጽሑፍ የለበትም። በሞርሳ አስሬ በመዶሻ ብመታቸውም አልተሰበሩም። ይህ በቂ ነው?

መካኒካል መሐንዲስ፦
በቂ አይደለም፤ ልኩ መግጠሙ ስለ ብረቱ ጥንካሬ ምንም አይነግርዎትም። 6061 የሚባለው ቅይጥ በሙቀት ታክሞ ቲ6 ደረጃ ላይ ሲደርስ ቅርጹን ለዘለቄታው መለወጥ የሚጀምረው 275 ሜጋፓስካል (በስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል መለኪያ) ገደማ ላይ ሲሆን፣ ያው ቅይጥ ለስላሳ ሆኖ ሲቀር ግን 55 ገደማ ላይ ይሸነፋል፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው በዓይን አይለዩም። መዶሻውማ ጭራሽ ያሳስታል፤ ለስላሳው ይታጠፋል እንጂ አይሰበርምና። ከዚያው ላሜራ ጥቂት ቁራጮች ያውጡና የመጎተቻ ማሽን ባለው ቤተ ሙከራ ያስፈትሿቸው። አምስተኛ ማያያዣም ሠርተው እስኪሰበር ይጫኑት።

በያጅ፦
የብረቱ ዓይነት ከታወቀ በኋላ ጠርዙን ይመልከቱ። አሉሚኒየም በተደጋጋሚ ጭነት የሚሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ ከጭረት ወይም ካልጸዳ የቀዳዳ ጠርዝ ጀምሮ ስለሆነ፣ የሊማው ፈለግ እስኪጠፋ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይገባል። መስመር ሲያሰምሩም በሹል ብረት ሳይሆን በማርከር ይሁን። ቀይ የስንጥቅ መፈተሻ ፈሳሽ ካገኙ፣ ቀብተው ከቆዩ በኋላ ጠርገው አብሮት የሚሸጠውን ነጭ ማሳያ ሲነፉበት በዓይን ያልታየው ስንጥቅ ቀልቶ ይወጣል። አንድ ነገር ልጨምር፤ እንጀራዬ ብየዳ ቢሆንም ቲ6ን አይበይዱት፣ በብየዳው ዙሪያ ያገኘውን ጥንካሬ ያጣልና።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ክንፉ ከተገጠመ በኋላ አሸዋ ልጭንበት አስቤያለሁ። ምን ያህል ይበቃል?

መካኒካል መሐንዲስ፦
መደበኛ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚነደፉት የክብደታቸውን 3.8 እጥፍ ለሚሆን ጭነት ነው፤ በእርስዎ ስሌት 1,140 ኪሎ ግራም፣ ለአንድ ክንፍ 570 ማለት ነው። ክንፉን ገልብጠው፣ ከሥሩ በዛ ከጫፉ ቀነስ አድርገው ቀስ በቀስ ይጫኑ፤ ሲያራግፉ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ማያያዣዎቹ ወይም ክንፉ ራሱ ፈተናውን ወድቀዋል። 1.5 እጥፉን፣ ማለትም 855 ኪሎ ግራም፣ ቢያንስ ለ3 ሰከንድ መሸከም ያለበት ደግሞ ለሙከራ ብቻ የተሠራ ክንፍ ነው፤ እሱ ከዚያ በኋላ አይበርም። ከሐይቁ ዳር የሚያመጡት አሸዋ እርጥብ ስለሚሆን እየደረቀ ሲሄድ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ጆንያ በሙከራው ዕለት ጠዋት ይመዝኑት። ውጤቱንም ከነፎቶው ያስቀምጡ፤ የበረራ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሲሄዱ ያስፈልግዎታል።