ጫት ይታገድ ወይስ አይታገድ? የቡድናችን ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ፦ ጫት በአዋጅ ይታገድ ወይስ አይታገድ? ስድብ ያመጣ ይወጣል።

ቢኒ፦ ይታገድ! ምኑ ያከራክራል? እንግሊዝ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። እኛ ጋ ግን የዩኒቨርሲቲ በር ሳይቀር የጫት ተራ ነው።

የአወዳይ ልጅ፦ ቢኒዬ፣ እንግሊዝ ጫት አታበቅልማ። ምን ቀረባት? ሐረርጌ ውስጥ ስንቱ ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው በጫት ነው። ቡና የሚለቀመው በዓመት አንዴ ነው፤ ጫት ውሃ ካገኘ ደጋግሞ ይቆረጣል። ወደ ጂቡቲና ሶማሊያ ሲሄድ ደግሞ ዶላር ያመጣል። ከታገደ በኋላ ገበሬው ምን ይብላ?

ሲስተር፦ ብሩን ለእናንተ ልተወውና ስለ ጤናው ልናገር፤ ነርስ ነኝ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ደግሞ ያብስበታል። ግን ማታ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣው ቅሞ ብቻ የቀረው ሰው አይደለም። የጫቱን ምርቃና በመጠጥ ለመስበር፣ ማለትም ጨብሲ የወጣው ነው። ቢራ፣ ከዚያ አረቄ፣ ከዚያ መሪ መጨበጥ።

ቢኒ፦ ጎሽ! ጫቱ ከሌለ ጨብሲውም የለማ።

ሲስተር፦ አይ ወንድሜ፣ እንዳትቸኩል። ጫት በአፉ ዞሮ የማያውቅ ስንት ጠጪ አለ! ለአልኮል እኮ ሕግ አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1112 የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ማስታወቂያው እውነትም ጠፋ። መታወቂያ የሚጠይቅ ግሮሰሪ ግን አይታችኋል?

የሰፈሯ፦ እኔ ስለ ማገድ አላውቅም። ወንድሜ ለዓመታት አረቄ ይጠጣ ነበር። ቤተሰብ ተሰብስቦ አስማለውና በአንዴ አቆመ። ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የሌለ ሰው ያናግራል፣ ያንዘፈዝፈዋል። ጋኔን ነው ብለን ጠበል ልንወስደው ስንል ጎረቤት ነው ወደ ሆስፒታል ያስሮጠን።

ሲስተር፦ እግዚአብሔር ይማረው እህቴ። ይህን ሁሉም ያንብብ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በራሱ ቀጥ ብሎ ሲያቆም ሊሞት ይችላል። በሐኪም ክትትል፣ በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ነው የሚያቆመው። ጫት ሲቆም ድብርት፣ እንቅልፍ ማብዛትና ዱካክ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ ለሕይወት አያሰጋም።

ቢኒ፦ ታዲያ ዝም እንበል?

የአወዳይ ልጅ፦ ማን ዝም አለ? ታክስ ይጣልበት፣ ብሩ ለሱስ ሕክምና ይዋል። አሁን ከክልል የመጣ ታማሚ አልጋ እስኪያገኝ ስንት ይጠብቃል!

ቢኒ፦ ታክሱ የት እንደሚገባ እናውቃለን ባክህ። እኔ አሁንም ይታገድ ነው የምለው። ቢያንስ ግን ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ይነሳ።

የአወዳይ ልጅ፦ እሱን እኔም እፈርማለሁ። ግሮሰሪውም አብሮ ይነሳ።

ቢኒ፦ ግሮሰሪው እንኳ... እሺ፣ እሱም ይነሳ።