ፒኤስ 4 ሲበላሽ ለማን እንስጠው? (ጥቆማ ለአዲስ አበባ ልጆች)

ፒኤስ 4 (ፕሌስቴሽን 4 የጌም ማሽን) ተበላሽቶባችሁ የት ልውሰደው ለምትሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያየሁትንና የሞከርኩትን ልጠቁማችሁ። «ጎበዝ የፕሌስቴሽን ጠጋኝ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያዋጣም። የሚያዋጣው የተበላሸው ምኑ እንደሆነ ለይቶ፣ ለዚያ ብልሽት እጁ የተፍታታውን ሰው መፈለግ ነው። ፓወር ሰፕላይ የሚሠራው ሌላ፣ ኤችዲኤምአይ (ምስል ወደ ቴሌቪዥን የሚወጣበትን ፖርት) የሚቀይረው ሌላ፣ አቧራ ጠርጎ ፔስት (ቺፑ ላይ የሚቀባውን ሙቀት ማስተላለፊያ) የሚቀባው ሌላ ነው። ሦስቱንም በደንብ የሚሠራ አለ፣ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ መብራቱን እዩት። ሰማያዊ በርቶ ወደ ነጭ ከዞረና ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ምንም ካልመጣ፣ ማሽኑ ተነስቷል ማለት ነው፤ ችግሩ ምስል ማውጣቱ ላይ ነው። ሰማያዊው እየተርገበገበ ቆይቶ ነጭ ሳይሆን ከጠፋ ከበድ ይላል፤ ከሃርድ ዲስኩ፣ ከፓወሩ ወይም ከዋናው ቺፕ ሊሆን ይችላል። ቀይ ከሆነ ሞቋል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለው፣ ቢፕ እንኳን ካላለ፣ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ።

ከዚያ ሴፍ ሞድ (የማሽኑን የጥገና ሜኑ) ሞክሩ፣ ነፃ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙት፤ አንዴ ቢፕ ይላል፣ 7 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሁለተኛው ቢፕ ሲሰማ ልቀቁት። ጆይስቲኩን በኬብል ሰኩት፣ እዚህ ላይ በብሉቱዝ አይሠራም። ቴሌቪዥን ቀይራችሁ ምስል እምቢ ያለ ከሆነ 2ኛው ምርጫ ሬዞሉሽኑን ይመልሰዋል። ጌም ለመክፈት የሚጎተት ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ 5ኛው፣ ዳታቤዝ ሪቢልድ የሚለው አለ፤ ጌሞቻችሁንና ሴቮቻችሁን አይነካም። 6ኛውና 7ኛው ግን ሁሉንም ነገር ያጠፋሉ፣ ሳታስቡበት እንዳትነኳቸው። ጠጋኝ ቤት «ሶፍትዌር ነው» ተብሎ የሚከፈልበት ሥራ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው።

ምስል አላወጣ ካለና ኬብልና ቴሌቪዥን ቀይራችሁም ለውጥ ከሌለ፣ የስልክ መብራት አብርታችሁ የኤችዲኤምአይ ፖርቱን ወደ ውስጥ እዩት። 19 ቀጫጭን እግሮች አሉት። አንዷ ከተጣመመች ወይም ወደ ኋላ ከተገፋች ምስሉ ሊጠፋ፣ ቀለሙ ሊበላሽ ወይም ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ይሄን ሥራ የምሰጠው ለስልክ ጠጋኝ ነው። አዎ፣ ለስልክ ጠጋኝ። መገናኛ ዘፍመሽና ዙሪያው፣ ቦሌም ላይ፣ ማይክሮስኮፕና ሆት ኤር (ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ይዘው የአይፎን ቦርድ የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ ለእነሱ የፒኤስ ፖርት ትልቅ ነገር ነው። አንዱን ቆሜ ሳየው፣ መጀመሪያ ዙሪያውን በሙቀት መቋቋሚያ ቴፕ ሸፈነ፣ ፍላክስ (ብየዳ የሚያግዝ ቅባት) ጨመረ፣ ከዚያ ቦርዱን ከሥር ቀስ ብሎ አሞቀው፤ ፖርቱን ቦርዱ ላይ የሚይዙት ወፍራም እግሮች ሙቀት ስለሚጠጡ ቶሎ አይለቁም። ፖርቱ በራሱ እስኪንሳፈፍ ጠብቆ በፒንሴት አነሳው። አዲሱን ከበየደ በኋላ እያንዳንዷን እግር በመልቲሜትር ለካ። ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ጋ ይጎትተዋል፣ የቦርዱ መስመርም ተገንጥሎ ከፖርቱ ጋር ይመጣል፤ ያን ጊዜ ትንሽ የነበረው ሥራ በቀጭን ሽቦ መስመር መዘርጋት ይሆናል። ስለዚህ ስትሰጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማይክሮስኮፕ አለህ ወይ፣ እና ፖርቱ ነው ወይስ ከኋላው ያለው አይሲ (ቺፕ)? ለክቶ የሚመልስላችሁን ምረጡ። ሳይከፍት «ማዘርቦርድ ሞቷል» ከሚል ሰው ማሽናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ግን ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ሲጠግኑ የኖሩ ሰዎች ይሻላሉ። በየሰፈሩ አሉ፣ ዋጋቸውም ከሞል ይቀላል። ፊውዝ፣ ካፓሲተር፣ ሞስፌት ይቀይሩላችኋል። ሙሉውን ለመቀየር ካሰባችሁ የማሽናችሁን ሞዴል ከሥሩ አንብባችሁ ሂዱ። የመጀመሪያዎቹ 1000 እና 1100፣ ቀጥሎ የመጣው 1200፣ ስሊሙና ፕሮው የየራሳቸው ፓወር ሰፕላይ አላቸው፣ «ለፒኤስ 4 ይሆናል» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ሳጥኑን ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

እዚህ ላይ ስለ መብራት ማውራት ግድ ነው። እኛ ጋ ፓወር ሰፕላይ የሚገድለው መብራት ሲሄድ ብቻ አይደለም፣ ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅም ነው። ከዲቫይደር፣ ከስታብላይዘርና ከዩፒኤስ የቱን ልግዛ ለምትሉ፦ ተራ ዲቫይደር ሶኬት ማብዣ ነው፣ ምንም አይከላከልም። ስታብላይዘር ጥሩ ነው፣ ግን መብራት እንደመጣ ወዲያው የማይለቅ፣ ዲሌይ ያለው ይሁን። እኔ የምመክረው 650 ቪኤ (የአቅሙ መለኪያ) አካባቢ ያለ፣ ባትሪ የያዘ ዩፒኤስ ነው። ፒኤስ 4ንና ቴሌቪዥኑን ለጥቂት ደቂቃ ይይዝላችኋል፤ ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ባትሪው ግን ያረጃል፣ ከመግዛታችሁ በፊት እዛው ሱቅ ሰክታችሁ ንቀሉትና እዩ። ሬስት ሞድ የምትወዱ ደግሞ ተዉት። ብርቱካናማው መብራት ሲበራ ማሽኑ አልጠፋም፣ መብራት ከሄደ ዲስኩ ላይ ያለው ዳታ ሊበላሽ ይችላል።

ማሽኑ እንደ ጄት የሚጮህ ከሆነ ሰርቪስ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ አቧራው አለ። ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ የማምነው የጌም ቤቶችን ማሽን የሚያጸዳ ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ፊፋ ሲጫወትባቸው የሚውሉትን ማሽኖች በየጊዜው እየፈታ ስለሚገጥም የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ ሳያይ ያውቀዋል። ሰፈራችሁ ያለ ጌም ቤት ገብታችሁ ባለቤቱን «ማን ነው የሚሠራላችሁ?» በሉት፣ ይነግራችኋል።

እባካችሁ ጎሚስታ ወይም ላቫጆ ወስዳችሁ በኮምፕረሰር አታስነፉት። በርካሽ ያጸዳል የሚል ወሬ አለ፤ ግን ከኮምፕረሰሩ ታንክ ውኃ ይወጣል፣ ግፊቱም ፋኑን ከልክ በላይ ያሽከረክረዋል። ለስለስ ያለ ብሩሽ፣ ፋኑን በጣት ይዞ አነስተኛ ብሎወር፣ በቃ። ፔስቱን ለማጽዳት የፋርማሲው 70 ፐርሰንት አልኮል ውኃ አለው፤ የስልክ መለዋወጫ የሚሸጡበት ቦታ የሚገኘው 99 ፐርሰንቱ ይሻላል። ፔስት ላይ አትቆጥቡ። አርክቲክ ኤምኤክስ-4 ጥሩ ነው ግን ኮፒው በዝቷል፣ ስለዚህ ማሸጊያው ያልተከፈተውን፣ ከምታውቁት ሱቅ ግዙ። ጂዲ900 የሚባለው ርካሽ ነው፣ ከደረቀው ፋብሪካ ፔስት ግን በብዙ ይበልጣል።

ፒኤስ 5 ላላችሁ ግን ይሄ ሁሉ አይሠራም። እሱ ፔስት ሳይሆን ሊኩዊድ ሜታል ነው ያለው፣ ፈሶ ቦርድ ከነካ ሾርት ያደርጋል። ሽፋኑን ብቻ አንሱና በአቧራ መያዣ ቀዳዳዎቹ በኩል በቫኪዩም ሳቡት፣ ከዚያ በላይ ማንም እንዳይነካው።

ዲስክን በተመለከተ፣ ስክሪኑ ላይ ሲኢ-34335-0 (CE-34335-0) የሚል የስህተት ኮድ ካያችሁ ሃርድ ዲስኩን ጠርጥሩ። የሚገባው ተራ ባለ 2.5 ኢንች የላፕቶፕ ሳታ ዲስክ ነው፣ ስለዚህ «የፕሌስቴሽን ዲስክ» ተብሎ በውድ ለሚሸጥላችሁ አትክፈሉ። ኤስኤስዲ አስገቡ፣ ጌም ቶሎ ይከፈታል። ኮምፒውተር ሱቅ ግዙትና እዛው ላፕቶፕ ላይ ሰክተው ሙሉ መጠኑን በፋይል ሞልተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ 480 ጊጋ ተብሎ ውስጡ ባዶ የሆነ አለ። ሶፍትዌሩን ከሶኒ ገጽ ስታወርዱ አዲስ ዲስክ ላይ የሚጫነው ትልቁ ፋይል ነው፣ 1 ጊጋ አካባቢ። ትንሹ የአፕዴት ፋይል ባዶ ዲስክ ላይ እምቢ ይላል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል።

ጆይስቲኩ ሳትነኩት ራሱ የሚሄድ ከሆነ ኮፒ አዲስ ከምትገዙ የኦሪጅናሉን አናሎግ አስቀይሩ። እሱንም ስልክ ጠጋኞቹ ይሠሩታል። ሆል ኢፌክት የሚባለውን ካገኛችሁ እሱን አስገቡ፣ በማግኔት ስለሚሠራ እንደ ድሮው ቶሎ አያልቅም፤ ከተገጠመ በኋላ ግን ካሊብሬት መደረግ አለበት፣ ያን የሚያውቅ ይሁን። ኮፒ መግዛት ግድ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውንና ታችፓዱን እዛው ሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጡት እነሱ ናቸው።

ዘመድ ከአሜሪካ ላመጣላችሁም አንድ ቃል። ፒኤስ 4ና ፒኤስ 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራሉ፣ የሶኬት አዳፕተር ብቻ በቂ ነው። የአሜሪካ ኤክስቦክስ 360 እና ወፍራሙ ፒኤስ 2 ግን ለ110 ነው የተሠሩት፣ ያለ ኮንቨርተር 220 ላይ እንዳትሰኩ።

ዋጋ ያልጻፍኩት ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ስለማይረጋ ነው። ሞል ያሉት ይወደዳሉ፣ አንዳንዶቹም ማሽኑን ተቀብለው ውጭ ላለ ሌላ ልጅ ነው የሚሰጡት፤ «እዚሁ ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመስጠታችሁ በፊት ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ ቤት አስቀምጡ፣ ካልሆነ አካውንታችሁን አውጡ። የሲሪያል ቁጥሩንና የውስጡን ፎቶ አንሱ። ጄልብሬክ የሆነ (የሶኒ ገደብ የተሰበረለት) ከሆነ ደግሞ «አፕዴት እንዳታደርግ» ብላችሁ በጽሑፍ ላኩለት፣ አንዴ ከፍ ካለ ወደ ታች አይመለስም። ስትረከቡ ያወጣችሁት ዲስክ ካለ መልሳችሁ አስገቡና ከባድ ጌም ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት እዛው ተቀመጡ፣ ኬብሉንም ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት።

የጻፍኩት አዲስ አበባን ነው። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ማይክሮስኮፕ ይዞ የሚሠራ ሰው የምታውቁ ከሆነ ሰፈሩንና የትኛውን ብልሽት እንደሚችል ጨምራችሁ ጠቁሙ።