ነገ ጠዋት አይሱዙ ይመጣል፣ ብርጭቆዎቹ ግን ከአሁኑ መሰበር ጀምረዋል

የሆጤዋ ልጅ (ማታ 2:40)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃ የሚጭን አይሱዙ ይመጣል። አሁን አንዱን ካርቶን ላነሳ ስል ከሥሩ ተቀደደና ያለው ሁሉ ተዘረገፈ። 4 የሻይ ብርጭቆና አንድ የፍራፍሬ ሳህን ደቀቁ። ገና ብርሌዎቹ፣ የውሃ ብርጭቆዎቹ፣ የእናቴ ስኒዎችና የቡፌው መስታወት ይቀራሉ። ጋዜጣ የለኝም። ሱቅ ተዘግቷል። ፕላስተር ግማሽ ጥቅል ብቻ ነው ያለኝ። በምን ልጠቅልላቸው? ምን ውስጥ ላድርጋቸው? ልጄን ከስብርባሪው ማራቅ ራሱ ሌላ ሥራ ሆኖብኛል።

አብሽር ወሎ (2:44)
አብሽሪ እህቴ። እናቴ ዕቃ ሲሰበር «ክፉውን ይዞ ሄደ» ነው የምትለው። መጀመሪያ ልጅቷን ጫማ አልብሺያት፣ አንቺም አድርጊ። በባዶ እጅሽ እንዳትለቅሚ። ትልልቁን ጥረጊው፣ ለዓይን የማይታየውን ደቃቅ ደግሞ እርጥብ ሶፍት ወይም የዳቦ ልብ ጫን ጫን ስታደርጊበት ይዞት ይነሳል። ከዚያ በኋላ ስለ ማሸጉ እንነጋገራለን።

ሸዋ በር (2:46)
ካርቶኑን ከሥሩ በፕላስተር ድርብ አድርጊው። አለቀ።

ዝምተኛው (2:49)
ወዴት ነው የምትሄጂው? ካርቶኑስ የምን ካርቶን ነው? የት ነበር የተቀመጠው?

የሆጤዋ ልጅ (2:53)
አልነገርኳችሁም ለካ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ነው። ካርቶኑ የቴሌቪዥን ነው፣ ትልቅ ስለሆነ ሁሉንም ይችላል ብዬ። ሰሞኑን በረንዳ ላይ ነበር የቆየው።

ዝምተኛው (2:55)
በሐምሌ ዝናብ በረንዳ ላይ ከዋለ ርሷል ማለት ነው። ባይንጠባጠብም እርጥበት ጠጥቷል። ሥሩን በጣትሽ ጫን አድርጊው፣ ከለሰለሰ ተይው። እርጥብ ካርቶን ላይ ፕላስተር አይዝም። ድርብ ብታደርጊውም ወረቀቱን ገሽልጦ ነው የሚነሳው።

ፊዚክስ አስተማሪ (3:02)
ብርጭቆ ለምን እንደሚሰበር ሳናውቅ ማሸግ ትርፉ ድካም ነው። ብረት ይጎብጣል፣ ፕላስቲክ ይለጠጣል፣ ብርጭቆ ግን ሁለቱንም አያውቅም። ሲጫኑት ብዙ ይችላል። ሊጎብጥ ሲገደድ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ለዓይን የማይታዩ ጭረቶች አሉ፣ ስንጥቁ የሚነሳው ከእነሱ ነው። ሁለት ብርጭቆዎች መንገዱን ሙሉ ሲፋተጉ ከሄዱ በየመንገጫገጩ አዲስ ጭረት እየጨመሩ ነው። ስለዚህ ከክብደቱ በላይ የምትፈሪው መነካካቱን ይሁን። ሳህን ደግሞ ተኝቶና ተደራርቦ አይሂድ። መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ በጠርዙ ይቁም። ከታች የሚመጣው ምት ሆዱን ሳይሆን ጠንካራ ጎኑን ያገኘዋል።

አብሽር ወሎ (3:04)
መምህር፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሴትዮዋ መጠቅለያ የላትም።

ቦርከና ዳር (3:07)
እኔ የሚገርመኝ ብርጭቆ ተሸክሞ የሐረጎን ቁልቁለት መውረዱ ነው። ኮምቦልቻ ብርጭቆ አይሸጥም እንዴ? እዚያው ለጎረቤት ስጪና እዚህ አዲስ ግዢ። ደግሞ ከደሴ ብርድ ወደ እኛ ሙቀት ሲወርድ ብርጭቆ ይሰነጠቃል ይባላል።

ፊዚክስ አስተማሪ (3:10)
አይሰነጠቅም። ብርጭቆን የሚሰነጥቀው ድንገተኛ ለውጥ ነው፣ የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ውስጥ እንደማፍሰስ። አይሱዙ እስኪወርድ ዕቃው ቀስ ብሎ ይሞቃል። ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደሴ ላይ ጥብቅ አድርገሽ ከድነሽ ብትወስጂ ጎኑ ገባ ብሎ ታገኚዋለሽ፣ ታች የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር። ክፍት ብርጭቆን ግን ይህ ሁሉ አይነካውም።

የሆጤዋ ልጅ (3:14)
ቦርከና ዳር፣ ስለ ሻይ ብርጭቆው እውነትህን ነው፣ ይገዛል። ስኒዎቹ ግን አይገዙም። እናቴ ስትዳር የተሰጧት ናቸው። 12 ነበሩ፣ 7 ቀርተዋል። ከንፈራቸው ላይ ቀጭን የወርቅ ቀለም መስመር አላቸው። አንዷ ላይ መስመሩ በአንድ በኩል ብቻ ተፍቋል። እናቴ አበባዋን ወደ ራሷ አዙራ ነበር የምትይዛት፣ ሁልጊዜ ጣቷ የሚያርፈው እዚያ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ በሌላ ስኒ አትጠጣም ነበር። አሁን እናቴ የለችም። ይህቺ ስኒ ብትሰበርብኝ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ቦርከና ዳር (3:16)
ይቅርታ እህቴ። ሳላውቅ ነው። ነፍስ ይማር።

የቡና እናት (3:21)
ልጄ፣ አይዞሽ። እኛ ድሮ ጋዜጣ የት ነበረን? ብርሌ ከአገር አገር ሲሄድ ጭድ ውስጥ ነበር የሚቀበረው። ጭድ ከሌለሽ ጤፉን በጆንያ ስትጭኚ ብርሌዎቹን መሀል መሀሉ ላይ ቅበሪያቸው። ጤፍ ውስጥ ያለ ዕቃ ንቅንቅ አይልም።

ዝምተኛው (3:23)
እትዬ፣ በጭዱ እስማማለሁ። ጤፉ ግን ያስፈራኛል። ሐረጎ ላይ አንዷ ብትሰበር ስብርባሪው ከጤፉ ጋር ይደባለቃል፣ ማን ነፍቶ ያወጣዋል? አንድ ጆንያ ጤፍ መድፋት ነው። ልጅም አለች ቤት ውስጥ።

የቡና እናት (3:26)
እሱስ ልክ ነህ ልጄ፣ ጤፉ ይቅር። ለስኒዎቹ ግን ይህን ስሚኝ። መሶብሽ የት ነው? ስፌቱ ራሱ ለጠጥ ይላል፣ እንደ ካርቶን አይጨራመትም። ሥሩ ላይ ጋቢ አጥፊ። እያንዳንዷን ስኒ ለብቻዋ ጠቅልያት፣ ውስጧንም ሙያት። አንዷን በአንዷ ውስጥ እንዳታስገቢ። ክዳኑን በነጠላ እሰሪው። ከዚያ ጋቢና ቁጭ ብለሽ ጭንሽ ላይ ያዢው፣ ለማንም አትስጪ።

ሰኞ ገበያ (3:29)
አንዱን በአንዱ ውስጥ ስትሉ አስታወሳችሁኝ። እኔ ጋ ሁለት ብርጭቆዎች እንደተጣበቁ ሳምንት ሆናቸው። መላ ያለው አለ?

ፊዚክስ አስተማሪ (3:31)
ውስጠኛው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርግ። ውጪኛውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁመው። የውስጡ ሲኮማተር የውጪው ሰፋ ይላል። ቀስ ብለህ እያዞርክ ሳበው። የፈላ ውሃ እንዳትጠቀም።

ሸዋ በር (3:33)
ፕላስተሩን ድርብ አድርጊ ያልኩት እኮ ለደረቅ ካርቶንም ይሠራል።

ጫኝ የነበረ (3:48)
አሁን ነው ያየሁት። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጫኝና አውራጅ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ የብዙ ሰው ቤት በትከሻዬ አልፏል፣ ስለዚህ በደንብ አንብቢው።

የቴሌቪዥን ካርቶኑን ለብርድ ልብስና ለትራስ አድርጊው። ብርጭቆ የሚገባው አንድ ሰው ሆዱ ላይ አስደግፎ ሳያቃስት የሚያነሳው ትንሽ ካርቶን ውስጥ ነው። የሳሙናና የዘይት ካርቶን ጠንካራ ነው፣ የብስኩት ስስ ነው። ሱቁ ቢዘጋም ባለሱቁ ከጀርባ የሚያድር ከሆነ አንኳኪ፣ ለዚህ የሚቆጣ ጎረቤት ሆጤ ውስጥ አይኖርም። ባዶ የቢራ ሳጥን ካገኘሽ ደግሞ ከካርቶን ይሻላል፣ 24 ጠርሙስ የሚይዘው 24 ጉድጓድ አለው። ቀጫጭን የውሃ ብርጭቆዎችን ካልሲ እያለበስሽ አንድ በአንድ አስገቢ። ብርሌ ግን ሆዱ ሰፊ ነው፣ አይገባም፣ አታስገድጂው።

መጠቅለያ የለኝም አልሽ። ቤትሽን ዞር ብለሽ እዪ። ካልሲ፣ ሹራብ፣ ፎጣ፣ ሻሽ፣ የልጅሽ ልብስ፣ ያለቀ ደብተር፣ ፌስታል፣ ይህ ሁሉ መጠቅለያ ነው። ልብሱ መሄዱ ካልቀረ ብርጭቆ ይዞ ይሂድ። ካርቶኑ ሥር አራት ጣት ያህል ልብስ አንጥፊ። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። ብርጭቆ ቆሞ እንጂ በጎኑ ተኝቶ አይሄድም። የብርሌ አንገት ቀጭን ስለሆነ እስከ ሆዱ ውፍረት ድረስ ደጋግመሽ ጠምጥሚበት፣ ጀበናም እንደዚሁ። ፔርሙዝ ውሃ እንዳይኖርበት፣ ውስጡ ያለው መስታወት በጣም ስስ ነው።

ሞልተሽ ስትጨርሺ ከመዝጋትሽ በፊት ካርቶኑን ቀስ አድርገሽ ወዝወዝ አድርጊው። ድምፅ ከሰማሽ ገና አልጨረስሽም። ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው፣ በፌስታል ጠቅጥቂው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ብርጭቆውን አሳምሮ ይጠቀልልና ላዩን ባዶ ይተወዋል። ሌላ ዕቃ ሲጫንበት ካርቶኑ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ይሰበራል» የሚለውን ላዩ ላይ ብቻ እንዳትጽፊ። ጫኝ ትከሻው ላይ ሲያደርገው ላዩን አያየውም። አራቱም ጎን ላይ ጻፊ፣ የብርጭቆ ሥዕልና ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስትም ሳዪ። ማንበብ የማይችሉ ጓደኞች ነበሩኝ፣ ሥዕል ግን ሁሉም ያነባል።

ካሶኒው ላይ ከኋላ ጎማ በስተኋላ ያለው ቦታ ከሁሉም በላይ ይዘላል። ብርጭቆውን ወደ ጋቢናው አስጠግተሽ ወለሉ ላይ አስቀምጪ። ሐረጎ ጠመዝማዛ ስለሆነ ዕቃ ወደ ጎን ይገፋል፣ ግራና ቀኙን በፍራሽ አጣብቂው። ላዩ ላይ ምንም አይጫን። ሸራ መኖሩንም ጠይቂ፣ ወቅቱ ክረምት ነው። ጫኞቹን ደግሞ ሥራ ሳይጀምሩ ሻይ አፍይላቸውና የትኛው ካርቶን ምን እንደሆነ በእጅሽ አሳዪአቸው። ያልተነገረው ሰው ሁሉንም እኩል ነው የሚወረውረው።

የሆጤዋ ልጅ (3:55)
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ባለሱቁን ላንኳኳ ሄድኩ።

አብሽር ወሎ (3:57)
ጎረቤቶችሽንም ቡና ብለሽ ጥሪያቸው። አንዷ ትጠቅልል፣ አንዷ ትጻፍ፣ አንዷ ታጫውትሽ። የወሎ ሰው ለቡና ከተጠራ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይመጣል።

ቦርከና ዳር (4:05)
የቡፌውን መስታወት ማንም አልመለሰላትም እኮ። እኔ ስገባ ቡፌውን ከነመስታወቱ ጭነን አንዱ ተንሸራታች ወጥቶ ረግፏል። አውጥተሽ ለብቻው ውሰጂው። ላዩ ላይ ፕላስተር በኤክስ ቅርፅ ለጥፊበት።

ዝምተኛው (4:09)
ፕላስተሩ ጥንካሬ አይጨምርም፣ ቢሰበር ስብርባሪው እንዳይበተን ነው። ፕላስተርሽ ግማሽ ጥቅል ስለሆነ መጀመሪያ ለካርቶኖቹ ሥር አውዪው፣ ከተረፈ ለመስታወቱ። ዋናው ነገር መስታወት አይተኛም። በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ በሁለት ፍራሽ መሀል አቁሚው። ስትሸከሙትም በቁሙ ይሁን፣ አግድም ከተያዘ መሀሉ ይጎብጣል። የትኛው ከየትኛው በር እንደወጣ ጽፈሽ ለጥፊበት።

ሸዋ በር (4:12)
በዚህ በዚህ ተስማምተናል፣ ፕላስተር ለካርቶን ሥር።

የሆጤዋ ልጅ (ሌሊት 6:20)
አልተኛሁም። ባለሱቁ 5 የሳሙና ካርቶንና አንድ የቢራ ሳጥን ሰጠኝ። ሁለት ጎረቤቶቼ መጥተው አብረውኝ ጠቀለሉ። ልጄ ካልሲ ማልበሱን ጨዋታ አድርጋው እያንዳንዱን ብርጭቆ ስም አወጣችለት። አንዱ ካርቶን ግን ስወዘውዘው ከውስጥ ኪል ኪል ይላል። ዘግቼዋለሁ፣ ፕላስተሬም አልቋል። ልተወው?

ጫኝ የነበረ (6:24)
አትተዪው። ፕላስተሩን በቢላዋ ጫፍ መሀሉ ላይ ብቻ ቅደጂ። ሁለት ሹራብ ጠቅጥቂና በገመድ እሰሪው፣ ገመድም ይይዛል። ለ10 ደቂቃ ብለሽ ሐረጎን ሙሉ ስትጨነቂ አትሂጂ።

የሆጤዋ ልጅ (6:41)
ሁለት ብርጭቆ ተነካክተው ነበር። ሹራብ ገባባቸው፣ አሁን ድምፅ የለም።

የሆጤዋ ልጅ (ጠዋት 1:35)
ጭነት አልቋል። ብርጭቆዎቹ ጋቢናው ሥር ናቸው፣ ጫኞቹ ሥዕሉን እያዩ በቀስታ ነው ያስቀመጡት። መሶቡ ጭኔ ላይ ነው። የእናቴ ስኒ መሀል ላይ ናት፣ በራሷ ነጠላ ጠቅልያታለሁ። እየዘነበ ነው። ሾፌሩን ቀስ በል ብዬዋለሁ።

የቡና እናት (1:40)
በሰላም ግቢ ልጄ። እንደደረስሽ ጀበናውን ከሁሉ በፊት አውጪው፣ ቤቱ ቡና ይሽተት።

ሰኞ ገበያ (ከ4 ቀን በኋላ)
የተጣበቁት ብርጭቆዎች ተላቀቁ! መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ጫኝ የነበረ (በዚያው ቀን)
የሆጤዋ ልጅ፣ እንዴት ሆነሽ? ስኒዎቹ ደረሱ?

ገራዶ (ከ9 ቀን በኋላ)
እኔም በመስከረም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ልወጣ ነው። ክብ የመስታወት ጠረጴዛ አለኝ፣ መስታወቱ ከእግሩ አይላቀቅም፣ በሙጫ ነው የተያያዘው። ዳገት ሲሆንስ ወደ ጋቢና ነው ወይስ ወደ ኋላ የሚደረገው?