በላ ልበልሃ፦ የተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር በጣና ዙሪያ ይስፋፋ ወይስ ይቅር?

የታሪክ መምህር (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለዚህ ግሩፕ። አንድ ጉዳይ ላቅርብና ተከራከሩበት።

እኛ ተማሪ እያለን የጥያቄና መልስ ውድድር በዓመት አንዴ ነበር፤ የወላጆች ቀን ሲደርስ። ከየክፍሉ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት መድረክ ላይ ይደረደራሉ። አሸናፊው ደብተርና እስክርቢቶ ይሸለማል። በቃ፣ እስከ ከርሞ። አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ራሳቸው ክበብ አቋቁመዋል። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ይቀመጣሉ። ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ይጋጠማሉ። ባለፈው ከዘጌ የመጣ ተማሪ «እኛንስ መቼ ትጠሩናላችሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሐሳቤ ይኸው። ውድድሩ ከበዓል ማድመቂያነት ይውጣና ዓመቱን ሙሉ ይካሄድ። ባሕር ዳር ብቻም አይቅር። ዘጌ፣ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ ጎርጎራ ድረስ ይሂድ። ለሚያሠለጥኑ መምህራን ጊዜ ይመደብ። ምን ትላላችሁ?

የሒሳብ መምህር፦
እኔ ይቅር ባይ ነኝ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ። ከእነሱ ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ። የ2016ቱ 5.4 በመቶ። ቤታችን እየተቃጠለ ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ አለ። አራቱን መርጬ ለውድድር ባሠለጥን 66ቱ ምን ይሁኑ? አራቱ እኮ ያለእኔም ያልፋሉ። ደግሞ ውድድሩ የሚለካው ሽምደዳን ነው። የየትኛው አገር ዋና ከተማ ማን ነው፣ የትኛው ንጉሥ መቼ ነገሠ። ልጁ ደወል መትቶ ስም ስለጠራ አወቀ አይባልም።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
መምህር ያሉት ልጄ ላይ ደርሷል። ልንገራችሁ።

ዓምና አንድ ውድድር ላይ «ጣና ሐይቅ ስንት ደሴቶች አሉት?» ተባለች። ልጄ የአባቷ ዘመዶች ሐይቁ ዳር ናቸው፤ ክረምትም በጋም ታውቀዋለች። «እንደ ውሃው ከፍታ ይለያያል» አለች። ዳኛው ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ላይ 37 ይላል። ዜሮ ሰጣት። አዳራሹ ሳቀ። ማታ ቤት ገብታ አላናገረችኝም።

መጽሐፉ 37 እንደሚል አውቃለሁ። ግን ውሃው ሲሞላ የሚዋጥ፣ ሲጎድል ከየብስ ጋር የሚገናኝ መሬት እንዳለም ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ልጄ የተቀጣችው ከወረቀቱ የበለጠ ስላወቀች ነው። እንዲህ ያለው ነገር ከሆነ የሚስፋፋው፣ ይቅርብን።

የታሪክ መምህር፦
እህቴ፣ ልጅሽን ይቅርታ ሊጠይቃት የሚገባ ሰው አለ። እኔ እዚያ ባልኖርም ያሳፍረኛል። ግን ጥፋቱ የውድድሩ ነው ወይስ የጥያቄው?

የድሮ የባሕር ዳር ተማሪ (አሁን ሚኒሶታ)፦
እዚህ ላይ የማውቀውን ላካፍል። የእኔ ልጅ እዚህ አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ይህንኑ ትጫወታለች። ነገሩ የቆየ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ የጀመረው የኮሌጆች ጨዋታ ነው ወደ ሁለተኛ ደረጃ የወረደው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ቡድን አራት ልጅ። መነሻ ጥያቄ ሲነበብ መመካከር የለም። ያወቀ ልጅ ጥያቄው ሳያልቅም ደወሉን መጫን ይችላል። ትክክል ከሆነ 10 ነጥብ። አቋርጦ ከተሳሳተ በብዙዎቹ ውድድሮች 5 ይቀነስበታል፤ የእሱም ቡድን ከዚያ ጥያቄ ይወጣል። መነሻውን የመለሰ ቡድን ሦስት ተጨማሪ ጥያቄ ያገኛል። እዚያ ላይ አራቱም አንገት ለአንገት ገጥመው ይመካከራሉ።

ዋናው ብልሃት ግን ጥያቄው ላይ ነው። ጥያቄው አንድ መስመር አይደለም። ከከባድ ፍንጭ ጀምሮ ወደ ቀላል ይወርዳል። ጠለቅ አድርጎ ያነበበ ልጅ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይጫናል። ስሙን ብቻ የሸመደደ መጨረሻውን ይጠብቃል።

ትንንሽ ከተሞች ውስጥ እንዴት እንደሚስፋፋም አይቻለሁ። ከላይ በመጣ ትእዛዝ ሲሆን አላየሁም። ትምህርት ቤት እያሉ የተጫወቱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ይገቡና ቅዳሜ ለታናናሾቻቸው ውድድር ያዘጋጃሉ። ደወል ይዞ የመጣ ቡድን የመመዝገቢያ ክፍያ ይቀነስለታል። የሚፈርሰውም በአንድ ምክንያት ነው። የሚያሠለጥነው መምህር ሲዛወር ቡድኑም አብሮ ይጠፋል።

የሒሳብ መምህር፦
ዝውውሩስ እዚህም አለ። አንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነገር ስንቱን አይተናል።

የታሪክ መምህር፦
ስለ ፍንጩ ወንድማችን ያለው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ» እያልን አይደል ያደግነው? ያላወቀ አገር ይሰጣል። በዚህ በጎጃም ደግሞ የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሲፈልግ ያድራል። ቀድሞ ያገኘው ይመሰገናል። ይህ ሕዝብ ፍንጭ መከተል ያውቃል።

አንድ ጥያቄ ልሞክር። ስታውቁ የት ላይ እንዳወቃችሁ ንገሩኝ።

«የተወለድኩት በደቡብ አሜሪካ፣ በአማዞን ተፋሰስ ነው። ሰዎች ለውበቴ ብለው ወደ ሌሎች አህጉራት ወሰዱኝ። ዘሬ ጭቃ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። የቅጠሌ አገዳ እንደ ስፖንጅ አየር ይዞ ያብጣል፤ ስለዚህ አልሰጥምም። ማዳበሪያ ታጥቦ የገባበት ውሃ ያፋፋኛል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ታየሁ። ሐምራዊ አበባ አለኝ። ዓሣ አጥማጁም ጀልባውም ይጠሉኛል።»

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦
እንቦጭ! እኔ «ስፖንጅ» ላይ አወቅሁት። የደንቢያ ዘመዶቼ ጋ ሄጄ በእጄ ነቅያለሁ። ያ እብጠት ሲጫኑት ጧ ይላል።

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሒሳብ መምህራችን ያሉትን ልመልስ። ይህንን ከመጽሐፍ አልሸመደድኩትም። እጄ ነው ያወቀው። እንዲህ ከተጠየቀ የደንቢያ ገበሬ ልጅ የከተማውን ልጅ ይቀድመዋል። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ከሆነ ደወሉን የሚነካው ሁልጊዜ ከግል ትምህርት ቤት የመጣው ልጅ ነው። እኔ መልሱን እያወቅሁ ጥያቄውን እስክተረጉመው ድረስ ያልፈኛል። ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል።

ደግሞ ሴቶችን አትርሱ። በእኛ ክበብ 14 ነን፤ ሴቶች አራት ብቻ ነን። ክበቡ የሚያልቀው 12 ሰዓት ሲሆን ነው። ጨለማ ስለሚሆን ብዙ ቤተሰብ አይፈቅድም። ልጆቹ ስለማይችሉ አይምሰላችሁ።

የፊዚክስ መምህር፦
የልጅቷ ነገር ልቤን ነካኝ። ሰዓቱን ምሳ ሰዓት ማድረግ ምን ይከብዳል? ብር አይፈልግ፣ ደብዳቤ አይፈልግ።

ስለ ደወሉ ልናገር። ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ስምንት የበር ደወል ቁልፍ፣ ሽቦ፣ አምፖል፣ አንድ አርዱዪኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ይበቃል። ከባዱ ነገር ቀድሞ የተጫነው ሲበራ ሌሎቹ እንዲቆለፉ ማድረግ ነው። ይህ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የሚያሠለጥን የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለው። እዚያ የገቡ ልጆች ለየትምህርት ቤቱ ይሥሩት። ተወዳዳሪው አራት ብቻ ነው ለተባለው፣ ደወል የሚሠራው ልጅ፣ ነጥብ የሚይዘው፣ ጥያቄ የሚጽፈውስ? እኔ እንዲያውም ጥያቄ የሚጽፈው ልጅ ከሚመልሰው የበለጠ ይማራል ባይ ነኝ። ስምንት ፍንጭ ከከባድ ወደ ቀላል ለመደርደር ስንት ገጽ ማንበብ እንዳለበት አስቡት።

የሒሳብ መምህር፦
የጥያቄውን ነገር ተቀብያለሁ። የእንቦጩ ጥያቄ ጥሩ ነው። አምስት የመቀነሱንም ነገር ሳሰላው ነበር። ከሦስት አንዴ ብቻ የሚያገኝ ልጅ፣ 10 አግኝቶ ሁለት ጊዜ 5 ይከፍላል። ድምሩ ዜሮ ነው። ከዚያ በታች እርግጠኛ ሆኖ የሚጫን ቡድኑን ይጎዳል። ይህንን ክፍል ውስጥ ለፕሮባቢሊቲ ትምህርት እወስደዋለሁ።

ግን ማን ነው የሚያሸንፈው? ጋና ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳይንስና የሒሳብ ውድድር በቴሌቪዥን ታስተላልፋለች። እዚያም በእንቆቅልሹ ዙር በመጀመሪያው ፍንጭ የመለሰ 5 ነጥብ፣ በሁለተኛው 4፣ ከዚያ በኋላ 3 ያገኛል። አገር ቆሞ ያየዋል። ዋንጫውን ግን እነ ፕሬሴክና ፕሬምፔ ኮሌጅ ደጋግመው ወስደውታል፤ አንጋፋ የወንዶች ትምህርት ቤቶች። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሜዳው እኩል አይሆንም። የእኛም እንደዚያ ቢሆን ከባሕር ዳር ሁለት የግል ትምህርት ቤት ዋንጫውን ይቀባበላል፤ ወረታና ዘጌ አጨብጫቢ ይሆናሉ።

የዘጌ መምህር፦
ስማችን ስለተነሳ ልግባ። አጨብጫቢ መሆንም የሚገኘው ከመጣን ነው። ልጆቼ በቡና ለቀማ ጊዜ ሳምንት ይቀራሉ። ቤተ መጻሕፍታችን አንድ ክፍል ነው። ቢሆንም ባለፈው አራት ልጅ ይዤ ስመጣ በጀልባው ላይ እየተጠያየቁ ነው የሄድነው። ተሸንፈን ስንመለስም እየተጠያየቁ። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ የሚዋሰው ልጅ በዝቶብኛል። እኔ ሌላ መረጃ የለኝም፣ ያየሁት ይህን ነው።

የሁለት ልጆች አባት (ወረታ)፦
እኔ መንገዱን ነው የምፈራው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጄ ክፍል መመለሱን እንኳ እንደ ትልቅ ነገር ነው የማየው። ለውድድር ብዬ ከወረታ ባሕር ዳር አልልከውም። ክፉ አትበሉኝ።

የድሮ የባሕር ዳር ተማሪ (አሁን ሚኒሶታ)፦
ማንም ክፉ አይልህም ወንድሜ። መፍትሔ ግን አለ። እዚህ አንዱ የጥያቄ ስብስብ በብዙ ከተሞች ይነበባል። ወረታ በወረታ፣ ጎርጎራ በጎርጎራ ይጫወታል። ሁሉም ቦታ ተጫውቶ እስኪያልቅ ስለ ጥያቄው ማውራት ክልክል ነው። የሚጓዘው የመጨረሻው ዙር ብቻ ነው፤ እሱም መንገዱ ሰላም ሲሆን።

የሒሳብ መምህር፦
ማውራት ክልክል ነው? ብሔራዊ ፈተና በቴሌግራም ሲዞር ባየ አገር? ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ የተደረገው እኮ በዚህ ምክንያት ነው።

የዘጌ መምህር፦
ሁሉም በአንድ ሰዓት ይጀምር። ጥያቄው በታሸገ ፖስታ ይምጣ። ደግሞ ሽልማቱ ትልቅ አይሁን። ደብተር ይበቃል። ለደብተር ብሎ ጥያቄ የሚሰርቅ አይኖርም። ገንዘብ የገባ ቀን ነው የሚበላሸው።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ይህን ሁሉ ለልጄ አነበብኩላት። «ጥያቄ የሚጽፉ ልጆች ይፈለጋሉ?» ነው ያለችኝ። መወዳደር አትፈልግም። መጻፍ ግን ትፈልጋለች። አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። ዳኛው ያላሰበው መልስ ሲመጣ «ስህተት» ከማለቱ በፊት የሚያጣራ ሰው ይኑር። ልጁ «ለምን?» ብሎ የመጠየቅ መብት ይኑረው።

የታሪክ መምህር፦
ቃል እገባለሁ። ከዳኛው አጠገብ የየትምህርቱ መምህር ይቀመጣል። ቅሬታ እዚያው ይሰማል። ልጅሽም ትምጣ፣ ስለ ደሴቶቹ ራሷ ትጻፍልን።

ስለ ቋንቋው፣ ተጨማሪዎቹ ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ ይሁኑ፤ ቡድኑ ስለሚመካከር ይረዳዳል። ፍጥነት ያለበት መነሻው ግን በአማርኛ ይሁን እላለሁ። የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። 12ኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ነው የሚፈተነው የምትሉኝ ልክ ናችሁ። ነገር ግን እውቀቱ ያለውን ልጅ በቋንቋ ምክንያት ዝም ማሰኘት አልችልም። የክበቡም ሰዓት ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ምሳ ላይ ይሆናል።

ቅዳሜ በአራት ትምህርት ቤት እንሞክረው፤ ዘጌን ጨምሮ። የሒሳብ መምህር፣ የአንተ 66 ልጆች ጉዳይ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሁለቱም ቡድን የሳተው ጥያቄ ወደ ተመልካቹ ይሂድ ብያለሁ፤ ለመለሰው ክፍል ነጥብ ይያዝለት። ከፈለግህ እነሱን ይዘህ ና። ድምፅህ ጎላ ያለ ነው፣ አንተ አንብብልን።

የሒሳብ መምህር፦
አሁንም ማሠልጠኛ ጊዜ ከክፍለ ጊዜዬ አይነካም። ይህን ያዙልኝ። ቅዳሜ ጠዋት የ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ አለብኝ፤ ከ4 ሰዓት በፊት አልደርስም። ከዚያ በኋላ ከሆነ አነባለሁ። ጥያቄዎቹን ግን ዓርብ ላኩልኝ፣ አስቀድሜ ልያቸው።

የዘጌ መምህር፦
4 ሰዓት ለእኛም ይመቸናል። ጀልባው እስከዚያ ያደርሰናል።