የሹራብ ዱባዬ ሲሞላ ነጩ ጥጥ እየታየ አስቸገረኝ

ሹራብ የምትሠሩ፣ እስቲ እርዱኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ እዚህ መኸር ሲገባ በየደጃፉ ዱባ ይደረደራል፣ እኔም ለምስጋና ቀን ጠረጴዛ በክር የተሠሩ 3 ዱባዎች ማድረስ ፈልጌ የመጀመሪያው ላይ ተይዣለሁ።

መካከለኛ ውፍረት ያለው ብርቱካናማ አክሪሊክ ክርና 5 ሚሊሜትር መርፌ አለኝ። 60 ዓይን (መርፌው ላይ የሚያዝ የክር ቀለበት) ጀምሬ፣ ቁም መስመር እንዲያወጣ 2 ቀጥታ 2 ግልብጥ እያደረግኩ 18 ሳንቲሜትር ሠራሁ። ጎኑን ሰፋሁት፣ ታቹን በክር ሰብስቤ ቋጠርኩ፣ ሰው ሠራሽ ጥጥ ሞላሁበትና ላዩንም ሰበሰብኩ። ከዚያ የዱባው ሽንሽን እንዲወጣ ክሩን ከላይ እስከ ታች በመሀል እያሳለፍኩ 8 ቦታ ሳብኩት።

ጠቅጥቄ ስሞላው መስመሮቹ ተለጥጠው ይጠፋሉ፣ በዓይኖቹ መሀልም ነጩ ጥጥ ብቅ ይላል። ስቀንሰው ደግሞ ሽንሽኑ ያምራል፣ ግን ጎኑ ሟሽሾ ይወድቃል፣ አናቱ ላይ የሚቆመውን ቡናማ ግንድም መሸከም አይችልም። የሚስበውን ክር ድርብ አድርጌ ሞከርኩ፣ ለውጥ የለውም። መፍታቱ አሳዝኖኛል፣ 2 ማታ የፈጀሁበት ነው።

ፈትቼ በ4 ሚሊሜትር መርፌ ጠበቅ አድርጌ እንደገና ልጀምር፣ ወይስ ይሄንኑ ከውስጥ ብርቱካናማ ጨርቅ አልብሼ ማዳን እችላለሁ?