ለአጋዘን አደን የትኛውን ኮምፓውንድ ቀስት ልምረጥ? በጀቴ 600 ዶላር ነው

የፒያሳው_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ስለ ኮምፓውንድ፣ ጫፎቹ ላይ መዘውር ስላለው ዘመናዊ ቀስት፣ የምታውቁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው። የአጎቴ ልጅ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው የሚኖረው። የእኔም ፕሮሰስ አልቋል፣ በነሐሴ መጨረሻ ወደሱ እሄዳለሁ። እሱ በየዓመቱ በቀስት አጋዘን ያድናል። ዘንድሮ አብረን እንገባለን ብሎኛል። "ቀስቱን ራስህ ምረጥ፣ እስከ 600 ዶላር እኔ አለሁ" አለኝ። እሱ የሚስበው ባለ 70 ፓውንድ ቀስት ነው (የመሳቢያው ክብደት ማለት ነው)፣ ወንድ ከሆንክ ከዚያ በታች እንዳትገዛ ይለኛል።

ዩቲዩብ ስገባ ይባስ ግራ ገባኝ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ፍጥነት ነው፣ በሰከንድ 340 ጫማ፣ 350 ጫማ ምናምን። የሆይትና የማቲውስ ዋጋ አይቀመስም። ዳይመንድና ቤር የሚባሉት በጀቴ ውስጥ ይገባሉ፣ ግን "የጀማሪ ነው፣ በዓመቱ ትጥለዋለህ" የሚሉ አሉ።

በዚህ መሃል እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ሰው ያገለገለ ኮምፓውንድ ቀስት ቴሌግራም ላይ አወጣ። ዋጋው እዛ ካለው በግማሽ ይቀንሳል። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ግቢው ድረስ ሄጄ አየሁት። ንጹህ ነው፣ ጭረት የለውም። ፍላጻ ብቻ ነው የሌለው። ሰውየው ባዶውን ስቦ ሲለቀው ድምፁ ራሱ ልብ ያስደነግጣል። ገዝቼ እስክሄድ ብለማመድበትስ? ምን ትላላችሁ?

ሴንት_ፖል_ብርዱ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የቴሌግራሙን ተወው። ባዶውን ስቦ ለቀቀው ነው ያልከው? በቃ፣ አለቀ። በነጻ ቢሰጥህም አትውሰድ።

ኮምፓውንድ ቀስት ያለ ፍላጻ አይለቀቅም። ስትስበው የቀስቱ ክንዶች ውስጥ የሚጠራቀመውን ጉልበት ይዞ የሚወጣው ፍላጻው ነው። ፍላጻ ከሌለ ያ ሁሉ ጉልበት ተመልሶ ክንዶቹን፣ ካም የሚባሉትን መዘውሮችና ክሩን ይመታል። አንዳንዴ እዛው ይበጣጠሳል። የባሰው ግን ያልተበጣጠሰው ነው፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይዞ ይቀርና ሌላ ቀን ሙሉ ስበህ ጉንጭህ ላይ ስታስጠጋው ይፈነዳል። ገዢ ለማስደሰት ባዶ የሚለቅ ሰው ከዚህ በፊት ስንቴ እንደለቀቀው አስበው።

አሁን ወደ ምርጫው። የአጎትህ ልጅ ክፉ አላሰበም፣ ግን ከመጨረሻው ጀምሮልሃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ብራንድም ፓውንድም አይደለም፣ የስበት ርዝመትህ ስንት ነው የሚለው ነው። ድሮው ሌንግዝ ይሉታል። ኮምፓውንድ እንደ ድሮው ቀስት እንደፈለግክ ስበህ የምታቆመው አይደለም። ካሙ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ግድግዳ እንደነካህ ቀጥ ይላል። ያ ቦታ ከክንድህ ጋር ካልገጠመ የአንድ ሺህ ዶላሩም ቀስት ትክክል አይመታልህም። ረዘም ካለ ክሩ ክንድህን ይገርፍሃል፣ አንገትህንም ታጣምማለህ።

መለካቱ ቀላል ነው። ሰፈርህ ካለ ልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስ። ግድግዳ ተደግፈህ ሁለት እጅህን እንደ መስቀል ዘርጋ፣ ሳትንጠራራ። ከመሃል ጣት እስከ መሃል ጣት ሌላ ሰው ይለካህ። በሴንቲሜትር የወጣውን ለ6.35 አካፍለው። የሚመጣው በኢንች የስበት ርዝመትህ ነው። 175 ከሆንክ 27 ተኩል ማለት ነው። ሱቅ ስትሄድ ግማሽ ኢንች ወዲህ ወዲያ ያስተካክሉልሃል።

የዓይንህንም ነገር እይ። ሁለት መዳፍህን አጋጥመህ መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተው፣ እጅህን ዘርግተህ በቀዳዳው ራቅ ያለ ነገር ተመልከት፣ ከዚያ አንድ አንድ ዓይንህን እየጨፈንክ ሞክር። ነገሩ ቦታውን ሳይለቅ የሚያሳይህ ዓይን ነው የሚገዛው። ይሄን ሳያዩ የሚገዙ ብዙ ናቸው።

ስለ ፓውንድ። 70 ፓውንድ ወደ 32 ኪሎ ነው። 50 ደግሞ 22 ኪሎ ከምናምን። የኮምፓውንድ ጥቅሙ መሃል ላይ ሙሉውን ተሸክመህ መጨረሻው ላይ ካሞቹ ስለሚያቀሉልህ ነው፣ ሌት ኦፍ ይሉታል። 60 ፓውንዱ 80 በመቶ ሌት ኦፍ ካለው ስበህ ስትጨርስ እጅህ ላይ የሚቀረው 12 ፓውንድ፣ አምስት ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። ተረጋግተህ ታነጣጥራለህ። ግን እዛ ለመድረስ ያንን 60 ማለፍ የግድ ነው። ሚኒሶታ ለአጋዘን የሚጠይቀው ትንሹ 30 ፓውንድ ነው። 50 ወይም 55 ስለታም ጫፍ ካለው ፍላጻ ጋር ከበቂ በላይ ነው። ፍላጻ እንደ ጥይት በምት አይጥልም፣ ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው የሚገድለው። ስለዚህ ለስለቱና ለምትመታበት ቦታ ተጨነቅ። አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ወይም ፊቱን ካንተ ትንሽ ወደ ወዲያ ሲያዞር፣ ከትከሻው ጀርባ።

የፍጥነቱ ነገር ማስታወቂያ ነው። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሚለካው በ70 ፓውንድ፣ በ30 ኢንች ስበትና 350 ግሬን፣ ማለትም 23 ግራም ገደማ፣ በሚመዝን ቀላል ፍላጻ ነው። አንተ 28 ኢንች ሆነህ በ55 ፓውንድ ከበድ ያለ ፍላጻ ስትለቅ 340 የተባለው 260 ወይም 270 ቢሆን አይግረምህ። ደግሞስ ድምፅ በሰከንድ ከ1,100 ጫማ በላይ ነው የሚሄደው። የትኛውም ቀስት አይቀድመውም። አጋዘን የክሩን ድምፅ ሲሰማ ለመሮጥ መጀመሪያ ዝቅ ይላል፣ ፍላጻህም በላዩ ላይ ያልፋል። ከፈጣኑ ይልቅ ጸጥ ያለውን ቀስት ምረጥ፣ ከ20 ያርድ፣ ማለትም ከ18 ሜትር ገደማ፣ ብዙ ሳትርቅ ልቀቅ።

በ600 ዶላርህ ዳይመንድ ኢንፊኒት ኤጅ ወይም ቤር ክሩዘር ዓይነት ግዛ። በጣም ቀላል ከሆነ ፓውንድ እስከ 70 ድረስ ይስተካከላሉ፣ የስበት ርዝመታቸውም እንደዚያው። በ45 ትጀምራለህ፣ ጡንቻህ ሲለምድ ቁልፉን እያጠበቅክ ትወጣለህ። "የጀማሪ ነው" የሚሉህን ተዋቸው፣ አጋዘኑ ብራንድ አያነብም። ማነጣጠሪያውና የፍላጻ ማስቀመጫው አብረው የሚመጡበትን ሙሉ ጥቅል ውሰድ። ለፍላጻ፣ ለጫፍና ለሪሊዝ (ክሩን ይዞ ለሚለቀው መሣሪያ) ብር አስቀር፣ እነሱ ሲደመሩ ትንሽ አይደሉም።

ጂም_አራት_ኪሎ

በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ፓውንዱ ላይ ግን ልጁን አታስፈራራው። ገና ግንቦት ነው፣ ሦስት ወር አለው። ላስቲክ እየጎተተ፣ የጀርባ እየሠራ 70 የማይስብበት ምክንያት የለም። እኔ ጋ ከዚያ በላይ በአንድ እጃቸው የሚጎትቱ ልጆች አሉ።

ሴንት_ፖል_ብርዱ

ጀርባውን ይሥራ፣ በጣም ይጠቅመዋል። ግን ጂም ውስጥ ሰውነትህ ሞቆ፣ እግርህን ተክለህ ነው የምትጎትተው። እዚህ ዛፍ ላይ ሰዓታት ሳትንቀሳቀስ ተቀምጠህ፣ በሦስት ድርብ ጃኬት ታጅለህ፣ ጣትህ ደንዝዞ፣ አጋዘኑ ሃያ እርምጃ ላይ ቆሞ ወዳንተ እያየ ነው የምትስበው። ያኔ ወደ ሰማይ ቀና አድርገህ እየታገልክ ከሳብክ ነጭ ጭራውን ከፍ አድርጎ እየሮጠ ይሸኝሃል።

መፈተኛው እንዲህ ነው። ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ ሁለት እግርህን ከመሬት አንሳ፣ ቀስቱን ዒላማው ላይ እንዳደረግክ ሳታንቀሳቅስ ቀስ ብለህ ሳብ። ከቻልክ ፓውንዱ ያንተ ነው። ካልቻልክ ቀንስ። የአጎቱ ልጅም 70ውን በዚህ መንገድ ይሞክረው እስቲ።

ጂም_አራት_ኪሎ

የወንበሯን አልሰማሁም ነበር። እሺ ይሁን። ላስቲኩን ግን ቁጭ ብሎም ይለማመደው፣ ቆሞ ብቻ አይደለም።

ሸገሪት

እናንተ ስለ መግደሉ ታወራላችሁ፣ ስለ መብላቱ አንድም ሰው አላነሳም 😄 ሥጋው ለእኛ ይሆናል? እህቴ ቨርጂኒያ ናት፣ ጎረቤቷ በየዓመቱ ይሰጣታል፣ እሷ ግን እየፈራች ለሌላ ሰው ታሳልፈዋለች።

ሴንት_ፖል_ብርዱ

እህቴ፣ ይሆናል እንጂ። ኦሪት ዘዳግም 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ጋር ተጽፈዋል። ለጥብስ ምርጥ ነው፣ ጮማ ስለሌለው ግን ቅቤ አትሰስቺበት፣ እሳት ላይም አታቆዪው፣ ይደርቃል።

ቁርጥ ግን እንዳታስቡት! እዚህ አንዳንድ አካባቢ የአጋዘኖችን አንጎል የሚያጠቃ ሲ ደብሊው ዲ የሚባል በሽታ አለ። ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፣ ሆኖም በሽታው ካለበት አካባቢ የተገደለውን አስመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ከተገኘበትም አለመብላት ነው የሚመከረው። ማብሰል አያጠፋውም። ጥሬው ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው።

ሰባተኛ_ሰፈር

ለሙስሊም ወገኖቼ ልጨምር፣ ፍላጻው ሲለቀቅ ቢስሚላህ ከተባለና ስለቱ ወግቶ ከገደለ ይበላል። ፍላጻው በስለቱ ሳይሆን በራሱ ጎን መትቶ የገደለው አይበላም። በሕይወት ከደረስክበት ደግሞ ማረድ ነው።

ሴንት_ፖል_ብርዱ

ይሄን ስላነሳችሁ የጊዜውን ነገር ልንገረው። የቀስት ወቅት እዚህ ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 31፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ነው። የነዋሪ ፈቃድ ለመግዛት እዚህ 60 ቀን መኖር አለብህ፣ አለበለዚያ የውጭ ሰው ዋጋ ትከፍላለህ፣ ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። በነሐሴ መጨረሻ ከመጣህ 60 ቀንህ የሚሞላው ጥቅምት ማብቂያ ላይ ነው። ያኔ ወንዶቹ አጋዘኖች ሴት ፍለጋ ራሳቸውን ስተው የሚሮጡበት ወቅት ነው፣ ከዚያ የተሻለ የለም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። እስከዚያ ካልቀናህ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቅሃል። ደግሞ የጠመንጃው ወቅት በመሃል ሲከፈት ቀስት ብትይዝም ደማቁን ብርቱካናማ ወይም ደማቁን ሮዝ መልበስ ግዴታ ነው።

እስከዚያ ያለውን ሁለት ወር ዒላማ ላይ ተለማመድበት። አጋጣሚው እንዲያውም ጥሩ ነው።

የዱር_ተማሪ

አንድ ነገር ብቻ። "እስክሄድ ልለማመድ" ስትል እንጦጦ ወይም መናገሻ ሱባ ጫካ አስበህ ከሆነ ተወው። ሱባ ያለው የምኒልክ ድኩላ ነው፣ እዚሁ አገር ብቻ የሚገኝ። በሕጉ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ሰው በሚንሸራሸርበት ጫካ ቀስት ይዞ መዞርም ለራስህ ጥሩ አይደለም። ዘንድሮ ፖሊስ ለማስረዳት ጊዜ አለህ?

የፒያሳው_ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እውነት። እንስሳ ላይ ለመልቀቅ አላሰብኩም፣ ግቢ ውስጥ ጆንያ ላይ ነበር ሐሳቤ። ለማንኛውም ለሰውየው አልፈልግም ብዬዋለሁ። "አንተ ስለ ቀስት ምን ታውቃለህ" ብሎ ተቆጣኝ፣ ከዚያ ብሎክ አደረገኝ 😂

ሰፊው ጋ ሄጄ ተለካሁ። የሙሽራ ልብስ ላሠራ መስሎት ስንት ጥያቄ ጠየቀኝ። 178 ወጣ፣ ስለዚህ 28 ኢንች። የዓይኑ ነገር ግን አስቸገረኝ። የምጽፈውም የምበላውም በቀኝ ነው፣ ቀዳዳው ላይ ግን ግራ ዓይኔ ነው የሚገዛው። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ምን ይሻላል?

ሴንት_ፖል_ብርዱ

ጥሩ አድርገሃል ማየትህ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የቀኝ እጅ ቀስት ይዘህ ስታነጣጥር ግራ ዓይንህን መጨፈን ነው። ይሠራል፣ ብዙ ሰው እንዲያ ነው የሚያድነው። ግን ሲመሽ፣ ብርሃን ሲቀንስ፣ በአንድ ዓይን ርቀት መገመት ይከብዳል። አጋዘን ደግሞ የሚወጣው ሲመሽና ሲነጋ ነው።

ሁለተኛው በግራ እጅ መሳብ መማር ነው። ከዚህ በፊት ቀስት ይዘህ ስለማታውቅ የምትረሳው ልማድ የለህም። መጀመሪያ ቀን ትንሽ ያስቃል፣ ከዚያ ይለመዳል። እኔ ብሆን ይሄን እመርጥ ነበር። ግን ሱቅ ገብተህ ሁለቱንም ሳትሞክር አትወስን፣ የቀስት ሱቆች ዒላማ አላቸው፣ እዛው ያስለቅቁሃል።

የግራና የቀኝ ቀስት ደግሞ የተለያየ ዕቃ ነው፣ አንዱን ወደ ሌላው መቀየር አይቻልም። ስለዚህ ለአጎትህ ልጅ ዛሬውኑ ደውልለት። ቅናሽ አየሁ ብሎ የቀኝ ባለ 70 ገዝቶ እንዳይጠብቅህ።