የቲቢ መከላከያ ክኒን የጀመሩ ሰዎች እንዲጨርሱ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ሲስተር፣ አዘዞ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ ጤና ጣቢያ ቲቢ ክፍል ነው የምሠራው። የሳንባ ቲቢ ከተገኘበት ሰው ጋር አንድ ቤት የሚኖሩትን መርምረን፣ በሽታው የሌለባቸውን መከላከያ እናስጀምራለን፤ አንዳንዱን በየቀኑ ለ6 ወር፣ አንዳንዱን በሳምንት 1 ቀን ለ3 ወር። ሁለተኛው ወር ላይ ይጠፉብኛል። ስደውል «እኔ መች ታመምኩና?» ይላሉ። አሁን ደግሞ ሁዳዴ ደረሰ። ምን ይሻላል?

መልስ (የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ)
ሲስተር፣ አልታመምኩም ማለታቸው እውነት ስለሆነ ከዚያው ጀምሪ። «አልታመምሽም፤ ተህዋሲው ግን ሰውነትሽ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ አቅም ሲደክም ይነሣል፤ ክኒኑ ሳይነሣ እንዲያጠፋው ነው» በያቸው። ቤት ውስጥ ቃሉ ለሚሰማ ሰውም ንገሪ። እኛ ቀበሌ አማቷ «ጤነኛ ሰው መድኃኒት ይውጣል?» ስላለቻት ያቆመች ነበረች። አማትየዋን ቡና ላይ አስረዳናት፤ ከዚያ ወዲያ አስታዋሿ እሷው ሆነች።

መልስ (ፋርማሲስት፣ ማራኪ)
ብዙ ሰው የሚያቆመው ቀድሞ ያልተነገረው ነገር ሲያስደነግጠው ነው። የሳምንቱ መድኃኒት ሪፋፔንቲን ስላለበት ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ካልነገርሻቸው ደም ይመስላቸዋል። ምግብ ካስጠላቸው፣ ካስመለሳቸው ወይም ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ግን ጉበት ሊሆን ይችላልና ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ይምጡ። ጠላና አረቄም ለዚሁ ሲባል ይቅር። እግር እንዳይደነዝዝ ቫይታሚን ቢ6 አብረሽ ስጪ። የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚውጡ ወይም ክንዳቸው ላይ ያስቀበሩ ሴቶችን ጠይቂ፤ ሪፋፔንቲን ኃይሉን ያዳክመዋል፣ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋቸዋል።

መልስ (የጨረሰች፣ ቀበሌ 18)
ባለቤቴ ታሞ የሳምንቱን ወሰድኩ፣ ጨረስኩም። በሁዳዴ ቀኔን እሑድ አደረግሁት። ቅዳሜና እሑድ፣ ከቀዳም ሥዑር በቀር፣ እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም፤ ከቅዳሴ መልስ ምሳዬን በልቼ እውጣለሁ። የየቀኑን የሚወስዱት ማታ ሊተኙ ሲሉ ቢያደርጉት ጾሙን አይነካባቸውም። ጠበል የሚጠመቁትን የንስሐ አባታቸው «መድኃኒቱንም ውሰጂ» ቢሏቸው ከእኛ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉና፣ እህቴ፣ ካህናቱን አነጋግሪያቸው።

ሲስተር፣ አዘዞ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑዱ ቢያመልጣቸውስ?

ፋርማሲስት፣ ማራኪ
በ2 ቀን ውስጥ ካስታወሱ ወዲያው ይውሰዱ፤ ቀጣዩ በእሑዱ ይቀጥላል። ከ2 ቀን ካለፈ ባስታወሱበት ቀን ይውሰዱና ከዚያ ወዲህ ቀናቸው እሱ ይሁን። ሁለቱን ደርቦ መዋጥ የለም።